የካሪስ የካልሲ ዘፈን

የእህቴ ልጅ ካሪስ ዋዴል አርፋ መቀመጥ አትችልም። ሕፃን ሳለች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ነበር የምታስቀምጣት። አሁንም ያው ናት። ጠዋት ቁርስ ቤት ውስጥ እንቁላልና ትኩስ ቂጣ በመረቅ ታቀርባለች፣ ከሰዓት ጊታሯን አንግታ ትዞራለች። ስታወራ እንኳ ጣቶቿ ጠረጴዛ ይመታሉ።

እኔ አጎቷ ቨርጅል ነኝ። ሥራዬ ጎማ መቀየር ነው። እሷ ስትዘፍን ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ ባስ ጊታር እመታለሁ። ከኋላ መቆም ይስማማኛል፤ ሰው አያየኝም። ይህን ጻፍ ያለችኝ እናቷ ሉቬና ናት፤ «በትውልድ ከተማችን ያሉት የፋብሪካ ባልደረቦቼ ነገሩን ግማሽ ግማሹን ነው የሰሙት» ብላ። መጻፍ ላይ እምብዛም ነኝ። እንዲያው እንደሆነው ልጻፈው።

እኔና ካሪስ የምንኖርባት ናሽቪል የአሜሪካ የዘፈን ከተማ ናት፤ እዚህ ዘፈን የማይጽፍ ሰው ማግኘት ነው የሚቸግረው። ነዳጅ የሚቀዳው ይጽፋል፣ ጥርስ የሚነቅለውም ይጽፋል። ሴት ስትሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ የሬዲዮ ሰው የካሪስን ድምፅ ከሰማ በኋላ «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን በአሁኑ ጊዜ ሴት አለችን» አላት። አንዲት ሴት በቃቻቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ቤት ሰው እንቁላል ይጨመርልኝ ሲላት፣ «ይቅርታ፣ በአሁኑ ጊዜ እንቁላል አለዎት» ትለዋለች። ሰውየው ግራ ገብቶት ያያታል። በኋላ ታመጣለታለች።

ወደ ዘፈኑ ልምጣ። እህቴ ሉቬና ካልሲ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሥራዋ ካልሲ ማጣመር ነበር። ዛሬም ሰው ቤት ስትሄድ የታጠበ ልብስ ካየች እጇ አያርፍም፣ የሰውን ካልሲ ታጣምራለች። ካሪስ ስለዚህ ጻፈች፦

ካልሲ ግራና ቀኝ የለውም፣
ያገኘውን እግር ያሞቃል፤
እናቴም እንደዚሁ ናት፣
ማንም ይምጣ ቤቷ ይበቃል።

መጀመሪያ የዘፈነችው አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ነው። እዚያ ዘፈን ጸሐፊዎቹ ወንበራቸውን ክብ አድርገው ፊት ለፊት ይቀመጡና ተራ በተራ አንድ አንድ ይዘፍናሉ። የሌላው ተራ ሲሆን ጸጥ ብሎ መስማት ነው ወጉ። ለካሪስ ይህ ጸጥታ ቅጣት ነው። ያን ቀን ግን እሷ ስትጨርስ ሌሎቹ ናቸው ጸጥ ያሉት። ቀጥሎ ተራው የነበረው ልጅ ጊታሩን አቅፎ «እኔ አሁን ከዚህ በኋላ ምን ልዝፈን?» አለ።

ትሪና ሃልብሩክ የምትባል ለዘፈኖች ዘፋኝ የምታፈላልግ ሴት ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እየተጣደፈች መጣች።

«ማሬ፣ ይህን ለማንም እንዳትሰጪ። ዌስ ካርዲን ሊሰማው ይገባል።»

ዌስ ካርዲን ማለት እንግዲህ ስታዲየም የሚሞላ ዘፋኝ ነው። ካሪስ እሺ አለች። እኛ ዘንድ ይህ «ተይዟል» ይባላል። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም። አዎ ካልሽ አዎ ነው። እስኪለቁልሽ ድረስ ራስሽ አትቀጂውም፣ ለሌላም አትሰጪውም። ዛሬ ስልክ ሁሉ ይቀዳልና መድረክ ላይም ባትዘፍኚው ይሻላል አለቻት ትሪና። ቃሏን ያፈረሰች ልጅ ካለች ደግሞ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ነው በየበሩ የሚደርሰው።

ክረምቱ አለቀ። የመንገዱ ዛፎች አበቡ፣ አበባውም ረገፈ። ካሪስ አልጋዋን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ታዞራለች፣ ደግሞ ትመልሳለች። ጓደኞቿ የራሷን አልበም ሊቀዱላት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እሷ ግን «ያለ ካልሲው ምኑን አልበም ሆነ?» ትላለች። ከሥራ ስትወጣ ወደ እኔ ጎማ ቤት ትመጣና የጎማ ቀዳዳ የምንፈልግበት የውኃ ገንዳ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኳን እያገላበጠች።

«ደወለች?» እላታለሁ።

«አልደወለችም።»

«እንግዲያው ስልኩን ከገንዳው አርቂው። ትከቺዋለሽ።»

«አጎቴ፣ ዘፈን ሲታሰር ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ።»

«የእኔ ታስሯል። ጠያቂም አልተፈቀደለትም።»

እኔ ጎማዬን እፈታለሁ።

በበጋ የፋብሪካው ሴቶች በየዓመቱ የሚገናኙበት ቀን ደረሰ። የሚሰበሰቡት እኛ የተወለድንበት ትንሽ ከተማ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሁሉም የሠራችውን ምግብ ይዛ። ሉቬና ስለ እናንተ የተጻፈ ዘፈን አለ ብላ አስወርታ ነበር። ካሪስ ሌላ ሌላውን እዘፍንላቸዋለሁ ብላ በእኔ ፒክአፕ ተነሣን። ኮረብታዎቹ ጋ ስንደርስ ስልኳ ጮኸ። ትሪና የካልሲውን ዘፈን የሙከራ ቅጂ ልካለች፤ አንድ ወንድ ዌስ ካርዲን እንደሚዘፍነው አድርጎ ዘፍኖታል። ካሪስ ከፈተችው።

ቦት ጫማ ግራና ቀኝ የለውም፣ ይላል ሰውየው።

እናትየው የለችም። በእሷ ፈንታ የጭነት መኪና ላይ የተቀመጠች ቆንጆ ልጅ ገብታለች። ካሪስ እንደገና ከፈተችው። ከዚያ ዘጋችው።

«አጎቴ።»

«አቤት።»

«ቦትህን አሳየኝ።»

«እየነዳሁ ነው።»

«ግራና ቀኝ አለው?»

«ባይኖረው እስካሁን አነክስ ነበር።»

ሳቀች። ብዙ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ደስ አላለኝም። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ የመኪናውን በር በጣቶቿ ትመታ ነበር።

አዳራሹ ደጃፍ መኪናውን ሳቆም ወዲያው ደወለች። እኔ ባሴን አውርጄ ቆምኩ። እሷ ፒክአፑን እየዞረች ታወራለች። የስልኩን ድምፅ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ከፍታዋለች፣ እጇ ሥራ እንዲያገኝ መሰለኝ፤ ከመኪናው ላይ ቀለም ትልጣለች።

«ትሪና፣ ቦት እኮ ግራና ቀኝ አለው።»

«ማሬ፣ ማንም ልብ አይለውም። ዌስ ስለ ካልሲ ይዝፈን? ሐሙስ ሊቀዳው ነው። ይገባሻል? ሐሙስ።»

«ቦቱን ይቅዳ። ካልሲውን እኔ ልውሰድ።»

«ዘፈኑ አንድ ነው። ቦቱ ከሄደ ካልሲውም ይሄዳል።»

ይኼኔ ሉቬና ፑዲንግ የሚባለውን የሙዝ ጣፋጭ በሳህን ይዛ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ስጪው» አለቻት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እኔ ዘፈን ውስጥ ባልገባ አልሞትም። ይህን የመሰለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። ዕድሜሽን ሁሉ መረቅ ልታፈሺ ነው?»

«እማዬ፣ ዝም በይ እስቲ።»

«እኔን ነው ዝም በይ የምትይው?»

«እሺ፣ ዝም በይልኝ።»

ካሪስ መዞሯን አቆመች። ቆማ አላውቃትም ነበርና ፈራሁ። በአዳራሹ መስኮት ሚስ ኦፓል፣ የፋብሪካው የድሮ አለቃ፣ አንገቷን አውጥታ «ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ! ትገቡ ይሆን?» አለች።

«ዘፈኔን መልሽልኝ» አለች ካሪስ ለስልኩ።

ትሪና ክፉ ሴት አይደለችም። «እሺ። ያንቺ ነው» አለች። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሌላ ዘፈን ይዘሽ ስትመጪ ከወረፋው መጨረሻ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

ገባን። ሴቶቹ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ጠበቁን። ካሪስ ሌላ ሌላውን ሁሉ ትታ በካልሲው ጀመረች። ከኋላ ሆኜ የማየው እጃቸውን ነበር። የሰው እጅ ዘፈን ሲሰማ ያጨበጭባል፤ የእነሱ ግን ጭናቸው ላይ ሳህኑ ሥር እየተገናኘ ይለያያል፣ የሆነ ነገር እንደሚያጣምር። ያወቁትም አይመስለኝም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሚስ ኦፓል «የተቀደደውን ካልሲ የምንለይበትን ጠረጴዛ አልጻፍሽም» አለች። «ጠረጴዛው በሙሉ የኔ ነበር።»

«ለእሱ ሌላ ዘፈን ያስፈልጋል፣ ሚስ ኦፓል።»

«እንግዲያ ጻፊ።»

ሉቬና ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረቻትም። ስንሄድ ፑዲንጉን በመኪናው መስኮት ሰጠቻት፤ ያ ይቅርታ ይሁን ቁጣ እስካሁን አላወቅሁም። መንገድ ላይ ካሪስ ባዶ እግሯን መስተዋቱ ሥር ሰቅላ «አጠፋሁ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። ሬዲዮውን ከፈትኩ። ወንድ ነበር የሚዘፍነው። ዘጋሁት።

ዌስ ሊቀዳው በነበረበት ሐሙስ ጠዋት እሷ ጋ ቁርስ ልበላ ሄድኩ። ለአንድ ሰውዬ ቡና እየቀዳች ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር፤ ኩባያው ሞልቶ ፈሰሰ። ከሰዓት ጊታሯን ይዛ ጎማ ቤት መጣች፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ግን አልተቀመጠችም።

«የካልሲውን ቅዳሜ እንቀዳለን፣ አልበሙን የሚቀዱትን ልጆች ነግሬያለሁ» አለችኝ። «አሁን ባሱን አምጣ። የሚስ ኦፓል ጠረጴዛ ዘፈን መጀመሪያው መጥቶልኛል፣ ሊጠፋብኝ ነው።»

እጄ ጥቁር ነበር፣ የጎማ። ልታጠብ ስል «ተወው፣ ተወው» አለችኝ።