መቀርቀሪያው እና ሰባተኛው ቁልፍ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «መቀርቀሪያው» ይለዋል። መዳፉ የበር ሳንቃ ያክላል፤ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ግድግዳውን ያስለስናል። ድሮ የጭነት መኪና ተራ አስከባሪ ነበር። እዚያ ሦስት ጥርስ አስረክቦ አሥራ አንድ ተረክቧል። ብርሃን ቤት የሚባለው የምርምር ጣቢያ ሹሞች ይህን የሥራ ልምድ አይተው ነው ፈታሽ አድርገው የቀጠሩት።

ብርሃን ቤቱ ኤሌክትሮኖች በክብ ዋሻ ውስጥ ጅራፍ እንደቀመሰ ፈረስ የሚጋልቡበት ነው። ማግኔቶች በየመታጠፊያው አንገታቸውን ሲጠመዝዟቸው ኃይለኛ ራጅ ይተፋሉ፤ ተመራማሪዎችም በዚያ ራጅ የወባ ተውሳክን ጓዳ ሳይቀር ይበረብራሉ። ዋሻው ውስጥ ሰው ከቀረ ግን የሚበረበረው እሱ ነው። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ ከሰሌዳው አንድ ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማሽኑ አይነሳም። የዋሻውን በርና ሰሌዳውን የሚጠብቀው መቀርቀሪያው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥገናው አልቆ ሠራተኞች ሲወጡ ሰባተኛው ቁልፍ ጎደለ። የያዘው ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ የመቀርቀሪያው ሚስት ወንድም። እሑድ ዕለት በውርስ ቁም ሳጥን ተጣልተው ቅንድብ ለቅንድብ ተተራትረዋል።

«ኪሱ ከቶት ቤቱ ሄዷል፤ ልማዱ ነው» አለ በማሽኑ የመጠቀም ተራው የደረሰው ፕሮፌሰር። «መጠባበቂያውን ቁልፍ አምጣና በቦታው ስቀል።»

«ዋሻውን ዞሬ ካየሁ በኋላ፣ ፕሮፌሰር።»

«ተራዬ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። ይህችን ግማሽ ቀን ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ደግሞስ እገድለዋለሁ ስትል አልነበር?»

«እገድለዋለሁ። በገዛ እጄ ነው እንጂ በመንግሥት መብራት አይደለም።»

ፕሮፌሰሩ የእሳት ማጥፊያውን ነቅሎ የመቀርቀሪያውን ግንባር አቀመሰው። አንዱ ረዳቱ ጀርባው ላይ ወጥቶ ጆሮውን ነከሰ፤ ሌላዋ ጉልበቱን በወንበር እግር ትወቅጠው ገባች። መቀርቀሪያው ነካሹን እንደ ዝንብ አራግፎ ጣለው፣ ወንበሩን ከነባለቤቱ ጠረጴዛ ሥር ሰደደው፣ ፕሮፌሰሩን በኮሌታው አንስቶ ካፖርት መስቀያው ላይ አንጠለጠለው። የአንድ ሰው የጎድን አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። መጠባበቂያውን ቁልፍ ማንም እንዳይነጥቀው ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ዋሻው ገባ።

አፉ ስለተወተፈ መጣራት አልቻለም። ደሙን እያንጠባጠበ ሲዞር እግር ረገጠ። አማቹ ነው፤ ራሱን ከማግኔት ተሸካሚ ብረት ጋር አላግቶ ተዘርሯል። በቁርጭምጭሚቱ ይዞ ሲጎትተው ነቃ። በደም የታጠበ፣ ጉንጩ ያበጠ፣ ቃል የማይተነፍስ ጠላቱን ከላዩ አየ። በያዘው መፍቻ መንጋጋውን አገኘው። ሁለት ጥርስና አንድ ቁልፍ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

«አንተ ከብት» አለ መቀርቀሪያው፣ አፉ ነጻ ሲወጣ፤ በቡጢ መልሶ አስተኝቶትም ተሸክሞት ወጣ።

ከአማቹ ኪስ የወጣው ሰባተኛው ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፤ ማሽኑም ተነሳ። ፕሮፌሰሩ በሁለት ረዳቶች ተደግፎ የተውሳኩን ምስል አነሳ።

በሳምንቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ መቀርቀሪያውን ሊያባርር ተሰበሰበ። አማቹ ራሱን በፋሻ ጠቅልሎ ሳይጠራ ገባ።

«ዘመድህ ስለሆነ ልትመሰክርለት ነው?» አሉት ሰብሳቢው።

«ዘመድ? እሱን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ከዚህ ስንወጣም አልለቀውም» አለ። «ግን እኔ ነገ ዋሻው ውስጥ ነኝ። እዚያ በር ላይ ሌላ ሰው እንዳታስቀምጡብኝ።»