በፍላሽ ውስጥ የነበሩት ገብሶች

ሳሌም ድረ ገጽ መሥራት ካስተማሯት ሰዎች አንዱንም በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከለሚ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣችው ፋብሪካ ልትቀጠር ነበር። ሁለት ዓመት ክር ስታጠነጥን ከቆየች በኋላ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማረችና ጠባሴ ሰፈር ካለው የንጉሴ ጽሕፈት ቤት ገባች። አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻና የሠርግ መጥሪያ ስትተይብ ትውላለች፤ ደንበኛ ሲቀንስ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተቀመጡ ትምህርቶችን ትከፍታለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በግራ በኩል ኮድ ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል ውጤቱ ወዲያው ይታያል። የእናቷን ስም በአረንጓዴ ጻፈችና ትልቅ አደረገችው፤ ከዚያ መልሳ አሳነሰችው። መቶ ጊዜ ብትሳሳት የሚቆጣት የለም። መስመር በጠፋ ቀን እንዳትቀር ገጾቹን አስቀድማ ኮምፒውተሩ ላይ ታስቀምጣቸው ጀመር፤ ያልገባትን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እየፈታች ዓመት ከመንፈቅ አነበበች። ቆይታ ሌሎች ነፃ ገጾችንም አገኘች፦ የሚስማሙ ቀለሞችን የሚመርጥ፣ ፎቶ ሳያበላሽ የሚያሳንስ፣ ኮዷን ተቀብሎ «አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ያልተዘጋ ነገር አለ» ብሎ የሚነግራት። ንጉሴ መጀመሪያ «ጨዋታሽን ጨርሺና ወደ ሥራሽ» ይላት ነበር። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ ሠርታ ባየ ጊዜ ግን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ «ድረ ገጽ እንሠራለን» ብሎ አስጻፈ።

ያንን ጽሑፍ አንብበው ነበር ጋሽ ዘርአ ዳዊት ባለፈው ታኅሣሥ የገቡት። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ቤታቸው አንኮበር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከመዘዞ እስከ እነዋሪ በእግርም በበቅሎም እየዞሩ የደጋውን ገብስ መዝግበዋል፦ ገበሬው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ በየትኛው አፈር እንደሚዘራ፣ ዘሩ በማን ጎተራ እንዳለ። በእጃቸው የጻፉትን በኮምፒውተር የተየቡላቸው የወረዳው ጸሐፊ የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። እሳቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የታተመውን ቅጂ የተዋሰ ሰው አገር ቀይሮ ጠፍቷል፤ የእጅ ጽሑፉን አይጥ በልቶታል። የቀረው አንድ ፍላሽ ነበር።

«እዚህ ውስጥ ገብሱም አለ፣ እሷም አለች» አሏት ፍላሹን ሲሰጧት።

የመጡበትን ጉዳይ በዝርዝር ነገሯት። ያለፈውን ዓመት አዝመራ ውርጭ መትቶት ብዙ ሰው ዘር አጥቷል። ከመዘዞ በኩል እየደወሉ ውርጭ የሚችለው ገብስ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስሙን ሲያስታውሱ ሰውየው፣ ሰውየውን ሲያስታውሱ ቀበሌው ይጠፋቸዋል። የበልግ ዘር ሳይጀመር ገበሬው በስልኩ ከፍቶ እንዲያየው ይፈልጋሉ።

በማግስቱ ሳሌም ፍላሹን ከፈተች። አርባ አንድ ፋይሎች ነበሩ፣ ሁሉም በድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተተየቡ። አማርኛው ቢነበብም በየቃሉ መሐል የፈረንጅ ምልክቶች ተሰንቅረውበታል። ከሌላ ቦታ የተዘበራረቀ ፋይል ሲመጣ በየጽሕፈት ቤቱ የሚደረገው አንድ ነው፦ ሁሉንም መምረጥ፣ ፎንቱን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ማስቀመጥ። የሳሌም ጣቶች ይህን ሳያስቡት ያደርጉታል። አንዱን አደረገች፤ ምልክቶቹ ጠፍተው ገጹ በሙሉ አማርኛ ሆነ። ደስ አላትና ቀጠለች። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ደንበኛ ስለነበር ምን እንደሚል አላነበበችም። አሥራ አንደኛውን ከጨረሰች በኋላ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ፊደሉ ፊደል ነው፤ ቃሉ ግን ቃል አይደለም። ቀጣዩም አይደለም።

ክው አለች። በድሮው መጻፊያ ፊደሎቻችን በአንድ ፎንት ስለማይበቁ ለሁለት ተከፍለው በሁለት ፎንት ይቀመጡ እንደነበር ረስታው ነበር። አንዱ ምልክት በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። ሁለተኛው ፎንት በእሷ ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ ነው ምልክቶቹ የታዩት። ሁሉንም ወደ አንዱ ስትለውጥ የትኛው ፊደል ከየትኛው እንደነበረ የሚለየው ነገር ጠፋ። ቅጂ ደግሞ አላስቀረችም።

ንጉሴ አጠገቧ መጥቶ አየና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እሱም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

ጠያቂና መላሽ የማይተዋወቁበት፣ ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ገጽ አለ። ሳሌም በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ልትጠይቅ ስትጀምር ገጹ የሚመስል ጥያቄ አወጣላት፤ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ተመሳሳይ ጥፋት አጥፍቶ ከስድስት ዓመት በፊት ጠይቆ ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ ፍላሹን አሁኑኑ ንቀል፤ ምንም ነገር አትጻፍበት። ፋይል ሲቀመጥ አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ቦታው ላይ ይተኛል። ከሥሩ ያንን የሚፈልግ ነፃ ፕሮግራም ተጠቁሟል። እንደተባለው አደረገች። ፕሮግራሙ ሙሉ ጠዋት ፈልጎ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን አወጣ። ሁለቱ በሌላ ነገር ተሸፍነው ነበር።

መልሱን የሰጠውን ሰው ልታመሰግን ፈለገች። ገጹ ግን የምስጋና አስተያየት እንዳይጻፍ ያስጠነቅቃል። «ጠቅሞኛል» የሚለውን ቀስት ለመጫን ደግሞ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡም የሚገኘው የሌሎችን ጥያቄ በመመለስ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ስለ አማርኛ ፊደል የተጠየቀ ነገር እየፈለገች መመለስ ጀመረች። ቀስቱን የተጫነችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

የዳኑትን ፋይሎች ዛሬ ስልክ ወደሚያነበው ፊደል የሚመልስ ገጽ ሌላ የማታውቀው ሰው ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። ገጹ ግን «ጓ»ንና «ቧ»ን ይዘላል፤ ስለዚህ ጓሮ በተጻፈበት ሁሉ ሮ ብቻ ይወጣል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ራሷ አረመችውና እርማቱን ለሠሪው ላከችለት።

ከዚያ የሚከብደው ቀረ። በሚኒባስ አንኮበር ሄደች። ጋሽ ዘርአ ዳዊት ደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ፋይል እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው።»

«የትኞቹን?»

«የመዘዞን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። «የሚፈለጉትማ እነሱ ነበሩ» አሉ ቀስ ብለው። ሳሌም አንገቷን ደፋች። እሳቸው ቀጠሉ፦ «አመተ ማርያም ብትኖር ጆሮሽን ትቆነጥጥሽ ነበር። ተቀመጪ። እሷም አንድ ጊዜ የወረዳውን የዓመት ሪፖርት ድምጥማጡን አጥፍታ፣ እኔ ነኝ ላለማለት ሦስት ቀን አመመኝ ብላ ተኝታለች። አንቺ ቢያንስ በእግርሽ መጣሽ።»

ስንት እንደተረፈ ጠየቋት። ሠላሳ ዘጠኝ ስትላቸው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አብረው አሰቡበትና ገጹ እንዳለ እንዲወጣ ተስማሙ። በመዘዞ ቦታ ላይ ሳሌም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ክፍል በድረ ገጽ ሠሪዋ ስህተት ጠፍቷል። ዘሩ ያለዎት ወይም የሚያውቁ ይደውሉልን።» ከሥሩ የጋሽ ዘርአ ዳዊትን ስልክ አስቀመጠች። ደካማ መስመርን አስመስሎ በሚያሳይ መሞከሪያ ገጹን አየችው። ለመከፈት አርባ ሰከንድ ሲፈጅ ፎቶዎቹን አሳነሰች፣ ያልተጠቀመችበትን ኮድ ቆረጠች፤ አምስት ሰከንድ ደረሰ።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው በጥር ነው፤ ደዋይዋ የመዘዞዋ ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። የእህታቸው ልጅ በስልክ አሳይታቸው ነበር። ሳሌም ያን ቀን ጋሽ ዘርአ ዳዊት ቤት ስለነበረች ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ያ አማቴን ሲጠይቅ ውሎ፣ ምሳ ቀርቦለት መሸብኝ ብሎ የሄደው ሰውዬ ነህ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ።

«እኔው ነኝ።»

«ምሳው ውሻ በላው። ገብሱ ግን አለ።»

ውርጭ የሚችለውን ጥቁር ገብስ አማታቸው ከሞቱ ወዲህም እሳቸው በየዓመቱ ለዘር ያስቀሩታል። መቼ እንደሚዘራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረስለት አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ሳሌም እየተከተለች ተየበች። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ደወሉ። ከጠፉት አሥራ አራት ዓይነቶች የበልግ ዘር እስኪጀመር አሥራ አንዱ ተመለሱ። ስለ ሦስቱ እስካሁን የደወለ የለም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ዘንድ ሄደው ዘር የተለዋወጡ ሰባት ቤቶች በየካቲት ዘርተዋል።

በመጨረሻ ሳሌም ገጹን አትማ ወደ አንኮበር ወሰደችላቸው። ከመጨረሻው ሉህ ግርጌ የረዱ ሰዎች ስም ተጽፏል፦ ተያቢዋ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ገበሬዎቹ፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ። ከዚያ የማይታወቁ ሁለት ስሞች። ጋሽ ዘርአ ዳዊት ጣታቸውን አኖሩባቸው።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ፊደል የሚመልሰውን ገጽ የሠራው ሰው ነው፣ ጋሼ። ስሙን አልጻፈም፤ በቁጥር ነው የሚጠራው።»

«ይሄስ?»

ሳሌም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ፍላሹን ንቀይው ብሎ የመከረኝ። እዚያ እውነተኛ ስም አይጻፍም፤ ለራሱ ያወጣውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ሰነፍ ድመት ነው የሚለው።»

«ሰነፍ ድመት።»

«አዎ።»

«ማን እንደሆነ አታውቂም።»

«አላውቅም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳን አላውቅም።»

ሽማግሌው ሉሁን ከዓይናቸው አርቀው እንደገና አነበቡት። ከኪሳቸው ብዕር አወጡና በ«ሰነፍ ድመት» ፊት፣ በቀስታ፣ የገበሬዎቹ ስም ፊት እንዳለው ሁሉ «ክቡር» ብለው ጨመሩበት።

«እንደዚህ አድርገሽ አስተካክይው» አሉ፣ ሉሁን እየመለሱላት።