በኩሽኔታ የመጣብኝ ሂስ

በደርግ ጊዜ ነው... እሁድ ጠዋት የቀበሌውን ቦይ ቆፍረን እንደጨረስን፣ እኔና አብሮ አደጌ ሽፈራው አካፋችንን መልሰን ቦሌ ሰፈራችን ወዳለችው ቁልቁለት አስፋልት ሄድን። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። በብብቴ ስር የያዝኩት ግን ኩሽኔታ ነው።

የዛሬ ልጆች ስኬትቦርድ የምትሉት የኛው ሳንቃ ነበር፤ በጎማ ፈንታ ከጋራዥ የተጣለ የመኪና ኩሽኔታ ከሥሩ እንገጥምለታለን፤ ሳንቃውንም በዚያው ስም «ኩሽኔታ» እንለዋለን። እኔና ሽፈራው ያደግነው እሱ ላይ ነው። ያኔ ከተውኩት ሃያ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር... አንድ ቀን ጋራዥ ደጅ አሮጌ ኩሽኔታ ወድቆ ሳይ አላስችል አለኝና በሳምንት ሳንቃ ሠራሁለት።

መጀመሪያ እኔ ወረድኩ። ቆሜ! ሳልወድቅ ታች ደረስኩ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ከዚያ ሽፈራው ነጠቀኝ... አራት ጊዜ ወረደ፤ በአራተኛው ተንከባሎ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። «የሚመጣው እሁድም እንደግመዋለን!» ብሎኝ ተለያየን።

ማን እንዳየኝ እንጃ፣ ሐሙስ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠራ። ያኔ ሂስና ግለሂስ የሚሉት ነገር አለ፤ ተነስተህ ራስህን ትወቅሳለህ፣ ጎረቤቶችህ በተራ ይወርዱብሃል፣ መጨረሻ ላይ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብለህ ትቀመጣለህ።

«ጓድ በቀለ፣ ሰፊው ሕዝብ ለልማት በወጣበት ቀን እርስዎ አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ ታይተዋል። ግለሂስ ያድርጉ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

አደረግኩ። ምን ላድርግ? ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ከተጻፈ የልጆቼ እንጀራ ነው የሚዘጋው።

«ሌላ ሂስ ያለው?» ሲባል ከፊት ወንበር ብድግ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽፈራው!

«ይሄ የንዑስ ከበርቴ ቅምጥልነት ነው! እንዲህ ያለ ሰው ለልጆቻችን ምን ያስተምራል? ሳንቃው እዚሁ ፊታችን ይሰበር!»

ያውም ያንኑ ሱሪ አስጥፎ ለብሶ!

ብው አልኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ እሱም አብሮኝ ይቆም ነበር። የሱም ቤት ልጆች አሉ ብዬ ዋጥኩት፤ ዓይኔን ብቻ አፈጠጥኩበት። «ሂሱን ተቀብያለሁ» አልኩና ኩሽኔታዬን ከቤት አምጥቼ በገዛ እጄ በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ሰው አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ።

በማግስቱ ሽፈራው ቤቴ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት... አልተቀመጠም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው ስብሰባ ላይ እንደዚያ ያፈጠጥክብኝ?» ብሎ ተቆጣኝ። «ሰው ቢነቃስ? ልታስበላኝ ነው?»

ክንዱን ይዤ ከግቢዬ አስወጣሁት።

የዚያን ጊዜውን ቀበሌ እንኳ ይቅር ብያለሁ። ሽፈራውን ግን ዛሬም ሳየው አስፋልት እሻገራለሁ... በሰማንያ ሦስት ዓመቴ፣ በከዘራ።