የክርኗ ልክ

ሕሙማንን የምታጥበው ሴት እጅጌዋን ጠቅልላ ትገባለች። አንድ ጆግ ፍል ውሃና ሁለት ጆግ ቀዝቃዛ ሳፋው ላይ ገልብጣ ክርኗን ነከር ታደርጋለች፤ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አታውቅም።

አልጋው ላይ ያሉት የሒሳብ መምህር በሰው እጅ መታጠብ አሳፍሯቸው ሁለት ቀን እምቢ ብለዋት ነበር። ዛሬ ግን ዐይናቸው ከጆጉ አልነቀል አለ። ፍሉ ሰማንያ ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ሃያ ቢሆን፣ አንድ ሰማንያና ሁለት ሃያ መቶ ሃያ ነው፤ ለሦስት ሲካፈል አርባ። ለገላ ልክ ነው! ተማሪዎቻቸው መጠኑን እየረሱ ሰማንያና ሃያን ደምረው ለሁለት ያካፍሉና ሃምሳ ያመጡ ነበር። በእነሱ ስሌት ቢሆን የመምህሩ ቆዳ በተላጠ!

«እህቴ፣ ልኩን ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ጋሼ» አለች ፎጣውን እየጨመቀች። «ያጠብኳት ሰባት ቀን ብቻ ነው። ክርኔ ግን አልረሳም።»

ፊቷ አልጠቆረም። «እርስዎ ሞቅ ያለ የሚወዱ ይመስሉኛል» ብላ ከፍሉ ጠብ አደረገችበት።

መምህሩ አሁን ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማስላቱን ተዉትና የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።