«ኖር» ያለው ፈረንጅ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ከባሕር ማዶ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አይርቅም። ሲሠራ አይቼ የማልጠግበው ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ካለ ሁለት ሰዓት ነው። ማኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር እጅጌውን ሰብስቦ ከእኛ ጋር ይገፋል። የእኛዎቹ ሹማምንት ቦርሳቸውን እንኳ ሰው አሸክመው በሚሄዱበት ዘመን፣ እሱ መለኪያውን በትከሻው ይዞ ገደል ይወርዳል። አለቃ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ በልቤ እኮራበት ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ጥምድ አድርጎ ያዛቸው። የመንገዱን ጠርዝ የሚደግፍ ግንብ የሚሠሩ የወገራ ሰዎች ናቸው። የሚያሠሯቸው ካቦ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ሲሆኑ ሁሉም «አያ ካቦ» ይሏቸዋል። ድንጋይ ገና በእጃቸው ሲመዝኑት የት እንደሚገጥም ያውቃሉ። እሳቸው የሠሩት ግንብ ሁለት ክረምት ሲወርድበት ንቅንቅ ሳይል አይቻለሁ። መሬታቸው በክርክር ስለተያዘባቸው ግን ቤታቸው የሚተዳደረው በዚሁ ሥራ ብቻ ነበር።

ፈረንጁ እዚያ በደረስን ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረኝም። አንድ ጠዋት አስጠርቶኝ ደብዳቤ ያስጽፈኝ ጀመር። ካቦው ከሥራ ይሰናበቱ የሚል ነው። ክው ብዬ ቀረሁ።

«ምክንያቱን ጻፍ» አለኝ። «እኔ ስደርስ ካቦው ‹ኖር!› ብሎ ያዛል። ሠራተኞቹ በሙሉ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ይነሣሉ። እስክሄድ ድረስ ቆመው ያዩኛል እንጂ አንድ ድንጋይ አይነኩም። ይህ አድማ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። አለቃ ፊት እንዲያ ስቄ አላውቅም። ፊቱ ቲማቲም ሲመስል ጊዜ ደነገጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ኖር ማለት ተነሥተንልሃል፣ አክብረንሃል ማለት ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። እሱ በእግዜር ስላላላቸው ነው ሰዎቹ ቆመው የሚቀሩት።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስንት ጊዜ ከኋላው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ኖር የሚተረጎም ቃል ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

እሱ ግን አላመነኝም። «በእኛ አገር አለቃውን የሚያከብር ሰው አለቃው ሲመጣ እጁን ከሥራው አያነሣም። አንተ ለወገንህ ታደላለህ» አለኝ። ደብዳቤውን ሳይፈርም ኪሱ ከተተው።

በማግሥቱ ማኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን በእግራችን ሄድንና ከመንገዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀመጥን። ሰዎቹ ከታች ቁጢጥ ብለው ድንጋይ ይጠርባሉ። የመዶሻው ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማናል። ፈረንጁ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ግንቡን ያያል። ብዙ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ገብስ የጫነች አህያ እየነዱ መጡ።

«ኖር!» አሉ አያ ካቦ። ሁሉም መዶሻቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«በእግዜር! በእግዜር! ያበርታችሁ!» ብለው ሽማግሌው አለፉ። ሰዎቹም ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፈረንጁ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ደግሞ የማን አለቃ ነው?»

«የአህያዋ» አልኩት።

አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ማኪናው አመራ።

ቅዳሜ ዕለት አያ ካቦን ወደ ቢሮው አስጠራቸው። የደብዳቤው ወሬ እንዴት እንደሆነ እንጃ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ጋቢያቸውን አደግድገው በሩ ላይ እጅ ነሡ። በጥቂት ቀን ውስጥ ፊታቸው ከስቷል። አንጀቴን በሉት።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ? ግንቡ ሸጋ አልሆነም?» አሉ።

ይህን ሳልተረጉምለት ፈረንጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ቀጥ ብሎ ቆመና በዚያ በተኮላተፈ አፉ «ኖር!» አለ። የራሱን ሠራተኛ ተነሥቶ የተቀበለ አለቃ፣ ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ፣ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። እኔም ሳላስበው ከጽሕፈት መኪናዬ ተነሣሁ።

አያ ካቦ ማን መጣ ብለው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ለአንቱ ነው፣ አያ» አልኳቸው። «በእግዜር በሉት እንጂ፤ ቆሞ መቅረቱ ነው።»