የእግዚአብሔርን ስልክ ቁጥር የጠየቁኝ እናት

ዛሬ ሰርግ ላይ አንዲት እናት የሙሽራዋን ቀሚስ ጥልፍ እየዳሰሱ «ማን ሠራው?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ያጎነበስኩበት ቀሚስ ነው። አፌ ግን እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ነው የሠራው» አለ።

«እንግዲያው የሱን ፔሌፎን፣ የሞባይሉን ቁጥር ስጪኝ፤ የልጄ ሰርግ ደርሷል!»

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። (ክርስቲያን ነጋዴ እንዲህ ናት፤ ደንበኛዋን ወደ ሰማይ ትልካለች።)

አብረውኝ የሚጸልዩት እማማ ዘነቡ ግን ተቆጡ። «ጥበቡን የሰጠሽ እሱ ነው። መርፌው የወጋው ግን ያንቺን ጣት ነው። ምን ያሳፍርሻል?»

ብድግ አልኩና «የሠራሁት እኔ ነኝ! ቤቴም ሮቫ ቴት ሰፈር ነው» አልኩ። አንገቴም ቀና አለ።

ፎቶው ይኸው። እናንተስ የእጃችሁን ሥራ «የኔ ነው» ማለት አፍራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ የሠራችሁትን እዚህ ሥር አሳዩኝ። «እግዚአብሔር ነው የሠራው» ብሎ መሸሽ ግን የለም!