ከስምንቱ ሥር ያለው ሰባት

መዳብ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ሽታ አለ። ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳስተካክል አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ፔኒ እጄ ገባና ያ ሽታ ጆሐንስበርግ ያለውን የወጣትነቴን ፎርድስበርግ ገበያ አመጣብኝ።

ጆሐንስበርግ የመጣሁት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው። አባቴ እዚህ ሐኪም ነበር፤ እኔ ግን አዲስ አበባ እናቴ ጋ ስላደግሁ የማውቀው በስልክ ነበር። እራት ላይ "በላሽ?" ይለኛል፣ "በላሁ" እለዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወሬ ያልቅብናል። ልመለስ እያልኩ ሳመነታ አንድ ቅዳሜ ገበያ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ።

ሳሞሳ ከሚጠበስበት አጠገብ፣ ሁሉም "ኦንቲ" የሚሏት ሕንዳዊት አሮጌ ዕቃ ትሸጥ ነበር። አባቴ ከጣሳዋ የንግሥት ምስል ያለባቸውን የመዳብ ሳንቲሞች አውጥቶ ደረደረልኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ። እሱ ግን ሳንቲም የሚታተምበት ብረት ላይ ቁጥሩና ነጥቡ በእጅ ይመታ እንደነበር፣ ስለዚህ አንዱ ብረት ከሌላው እንደሚለይ አስረዳኝ። አንዱ ላይ በጽሑፉ መካከል ያሉት ሁለት ነጥቦች ከፊደሉ ተጠግተዋል፣ ሌላው ላይ ርቀዋል።

"እንደኛ ሁለት ነጥብ" አልኩት።

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሁለታችን ሆነ። አንድ ቀን በክረምቱ ፀሐይ አንዱን ፔኒ ሳዘነብል፣ ከዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ካለው ስምንት ጎን ቀጭን ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ።

"አባዬ፣ ከስምንቱ ሥር ሌላ ቁጥር አለ።"

ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳንቲሙን ወደ ፀሐዩ አዘነበለው። ሰባት ነበር። ዓመቱ ሲለወጥ አሮጌውን ብረት ላለመጣል ስምንትን በሰባት ላይ መትተውበታል።

"ይህን ሳንቲም ስንቴ አንስቼ መልሼዋለሁ መሰለሽ" አለኝ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንኳ ቀስ ብሎ የሚራመደው ዶክተሩ አባቴ ለኦንቲም፣ ለሳሞሳ ጠባሹም፣ ለአላፊ አግዳሚውም እየዞረ አሳየ። "ልጄ ናት ያገኘችው" ይላል በእንግሊዝኛ። ጠባሹ ነገሩ ባይገባውም ደስ ብሎት ትኩስ ሳሞሳ ሰጠን፤ ጣታችንን እያቃጠለን ቆመን በላን። ያን ቀን ማታ ለእናቴ ደውዬ እዚሁ እንደምቆይ ነገርኳት።

አሁን የአባቴ ዓይን ደክሟል። ቅዳሜ ክንዴን ይዞ ገበያ ይመጣል፤ እኔ ሳንቲሙን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ያየሁትን እነግረዋለሁ፣ እሱ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ ያዳምጣል። ነግሬው ስጨርስም እንደዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ያኔ ሌላ ሌላውን አወራለታለሁ።